መዝገቡ አንድ ሆነ፤ ሠራተኛውስ?

ታላቅ እህቴ የመሥሪያ ቤቷን ወሬ ሳታነሣ ራት ስትበላ ያየኋት ባለፈው የቡና ወራት ነው። ለዓመት ፈቃድ ኡካ በሄድኩ ቁጥር ከሻንጣዬ በፊት የሚራገፈው የእርሷ ወሬ ነበር። ሚዛኑ ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ ከማን ጋር እንደተጨቃጨቁ፣ የትኛው ገበሬ ከቀይ ቡናው ሥር አረንጓዴውን ደብቆ እንዳመጣ፣ ዘበኛው ሌሊት ጅብ አየሁ ብሎ ግቢውን እንዴት እንዳመሰው፣ ሁሉንም በየተራ ትነግረኝ ነበር። እኔም ብዙዎቹን በዓይኔ ሳላያቸው እንደ ጎረቤት አውቃቸዋለሁ። በዚያች ምሽት ግን እንጀራውን እየቆረሰች ዝም አለች።

«እትዬ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ተመስገን ነው። ደመወዝ በወቅቱ ይገባል» አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። እናታችንም ወደ እኔ አየት አድርጋ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች።

እህቴ ለ14 ዓመታት የሠራችው በአንድ የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነው። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ በኢሉባቦር እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብዙ ናቸውና የእርሷን ለይቶ ማወቁ ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም። መጀመሪያ የተቀጠረችው፣ እንደ ብዙዎቹ የኡካ ሴቶች፣ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ለማገላበጥና ለመልቀም ነበር። የማታ ትምህርቷን ከጨረሰች፣ የሒሳብ አያያዝም ከተማረች በኋላ ገንዘብ ያዥ ሆነች። የካዝናውን ቁልፍ በአንገቷ ክር ላይ አስራ ስለምትውል ልጆቿ «የእማዬ ማተብ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ማኅበሩ በክረምቱ ከወንዝ ማዶ ካለው ሌላ ማኅበር ጋር ተዋሐደ። ምክንያቱ በቂ ነበር። አንደኛው ደኅና የመፈልፈያ መኪና ነበረው፣ ቡና ግን አይሞላለትም። ሌላው ቡናው ተትረፍርፎ መኪናው አርጅቶበት ነበር። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ጣዕሙም ዋጋውም ይወርዳል። ሁለቱ ለየብቻ አንድ የጭነት መኪና ለመሙላት የሚቸገሩትን አብረው በቀላሉ ይሞሉታል። ሁለት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሒሳብ ሹም፣ ሁለት ግምጃ ቤት ማስተዳደርም ለገበሬው ወጪ ነው። በበኩሌ ውሳኔው ስሕተት ነበር አልልም።

የሁለቱም ማኅበራት አባላት በየጠቅላላ ጉባኤያቸው ተሰብስበው እጅ አወጡ። እጅ ያወጡት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ባለቤቶቹ እነርሱ ስለሆኑ ይገባቸዋል። ገንዘብ ያዧ፣ ሚዛን ሠራተኛው፣ ዘበኛውና ለቃሚዎቹ ግን በዚያ ቀን ለተሰብሳቢው አግዳሚ ወንበር ሲደረድሩና ሻይ ሲያቀርቡ ዋሉ። ማንም ከሥራ አልተባረረም። እንዲያውም የሁለቱ ወገን ደመወዝ እንዲተካከል ሲደረግ ለእህቴ ትንሽም ቢሆን ጭማሪ ደረሳት።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?» አልኳት፣ ሰሐኑን ካነሣን በኋላ።

«ምንም አልሆንንም። በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆንን እንጂ።»

ይህን ቃል ይዤ አደርኩ። መሥሪያ ቤቶች መዋሐዳቸው በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ አዲስ አበባ ባንክ፣ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ ተዋሕደው አዲስ ባንክ የተባለው ተመሠረተ፤ 34 ቅርንጫፎችና 480 ሠራተኞች ነበሩት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1972 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 184፣ ይኸው አዲስ ባንክ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር አንድ ሆነ። የተዋሐደው ባንክ ሥራውን የጀመረው በ128 ቅርንጫፎችና በ3,633 ሠራተኞች ነው። እንግዲህ በባንኮ ዲ ሮማ የተቀጠረች አንዲት ጸሐፊ ከታይፕራይተሯ ፊት ሳትነሣ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ የሦስት ባንኮች ሠራተኛ ሆናለች ማለት ነው። በመድን ሥራም እንዲሁ 13 ኩባንያዎች ተጠቃለው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የንግድ መርከብ፣ የባሕርና ትራንዚት እንዲሁም የደረቅ ወደብ ድርጅቶች በ2004 ዓ.ም. አንድ ሆነዋል። ቀድሞ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ይባል የነበረው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ንግድ ባንክ እንዲጠቃለል ተወስኗል። ይህን ዓምድ የምታነቡ እናቶች ከእናንተ መካከል በዚህ ውስጥ ያለፋችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም። የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ራሱ በ2014 ዓ.ም. ከማኅበራዊ ጉዳይ ጋር ተጣምሮ አዲስ ስም ይዞ የለም?

ስለ እነዚህ ሁሉ የምናገኘው ጽሑፍ የሚነግረን የካፒታሉን መጠን፣ የቅርንጫፉን ብዛት፣ የአዋጁን ቁጥር ነው። 3,633 ሠራተኞች ይላል። ከእነዚያ መካከል ስንቶቹ ለብዙ ዓመት የለመዱትን የምሳ ጓደኛ እንዳጡ፣ ስንቶቹ «የዚያኛው ባንክ ልጅ» እየተባሉ እንደኖሩ የሚጽፍ የለም። ይህ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርምና።

በማግሥቱ እህቴን ተከትዬ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ የኡካን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግቢው ከሩቅ የሚሸተው የቡና ገለባ ሽታ ያው የድሮው ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ግን አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ያብለጨልጫል።

የርክክብ ኮሚቴ የሚባል ተቋቁሞ በነሐሴ ንብረቱን ሁሉ ቆጥሯል። ሚዛን፣ ጆንያ፣ ወንበር፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሽቦ አልጋ፣ እስከ መጥረጊያው ድረስ ተመዝግቧል። እህቴ 11 ገጽ ላይ ፈርማለች። ያልተቆጠረው ምን እንደሆነ የገባኝ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው።

በእህቴ ማኅበር ለቃሚዎቹ ሴቶች ከመጋዘኑ ጀርባ 4 ሰዓት ሲሆን ቡና ያፈሉ ነበር። አንዷ ቆሎ፣ አንዷ የተቀቀለ በቆሎ ታመጣለች፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ታዲያ የግቢው ሥራ ግማሹ የሚሠራው በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ማን እንደታመመች፣ የማን ልጅ ትኩሳት ይዞት እንዳደረ፣ ነገ ማን በማን ፈንታ እንደምትገባ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሚዛን ላይ ያሉት ሽማግሌም ስኒያቸውን ይዘው መጥተው የትኛው ጆንያ እርጥበት እንዳለው ለገንዘብ ያዧ ሹክ ይሏታል። በደንብ መጻፍ የነበረበት ነገር ሁሉ በወሬ ይጠናቀቅ ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጡት ከወንዝ ማዶ ነው። በእርሳቸው ቤት ቡና የሚጠጣው ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «በሥራ ሰዓት ቡና ማፍላት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። በቡና ማኅበር ግቢ! ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሣቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ከአንድ ወር በኋላ ማስታወቂያው ተነሣ። ቡናውም ተመለሰ፤ ነገር ግን በሁለት ጀበና ተመለሰ። የኡካዎቹ በመጋዘኑ ጀርባ፣ የማዶዎቹ በመፈልፈያው ጥግ። እኔ በደረስኩበት ቀን መሐላቸው ቆሜ የትኛው ዘንድ እንደምቀመጥ ቸገረኝ። የእህቴ እህት ነኝና ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ፤ ከማዶዎቹ አንዷ በጎን ስታየኝ ታወቀኝ።

የሁለት ወገን ልማድ እንዲህ መጋጨቱ የእኛ የገጠር ከተሞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝና የአሜሪካው ክራይስለር ሲዋሐዱ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ «የእኩዮች ጋብቻ» ተብሎ ነበር። መሐንዲሶቹ በአንድ ስብሰባ አካሄድ እንኳ መግባባት እንዳቃታቸው በኋላ ብዙ ተጽፏል፤ በ2007 ተለያዩ። ጋብቻ ብለው መጥራታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በእኛ አገር ሁለት ቤተሰብ ሲጋባ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ቤተሰብ ለቤተሰብ ይተያያል፣ መልስ ይጠራራል። ሁለት መሥሪያ ቤት ሲጋባ ግን ቃለ ጉባኤ ይፈረምና በማግሥቱ «ተግባቡ» ይባላል።

ወደ እህቴ ልመለስ። የዝምታዋ ዋናው ምክንያት ጀበናው አልነበረም፤ ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ማዶ ያለው ማኅበርም የራሱ ገንዘብ ያዥ ነበረው። ከእህቴ በ12 ዓመት የምታንስ፣ ዲፕሎማ ያላት ወጣት ሴት ናት። ውሕደቱ ሲፈጸም ይህች ልጅ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። አራስ ቤት ሆና ነው መሥሪያ ቤቷ መፍረሱን የሰማችው። ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ የተሰጣት መልስ «ሥራሽ አለ፤ ለጊዜው ወንበር የለም» የሚል ነው። በጆንያ ክምር ላይ ተቀምጣ መዝገብ እየያዘች ሦስት ሳምንት ቆየች።

እዚህ ላይ የሕጉን ነገር ላስገባ፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 16 መሠረት ድርጅት ከድርጅት መዋሐዱ፣ መከፋፈሉ ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መዛወሩ የሠራተኛውን የሥራ ውል አይለውጥም። ውሕደቱ ብቻውን ውሉን ለማቋረጥም ምክንያት አይሆንም። በዚሁ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀናት ነው። በነፍሰ ጡርነቷ ጊዜና ከወለደች በኋላም እስከ አራት ወር ድረስ ሴትን ከሥራ ማሰናበት የተከለከለ ነው። ሕጉ ደኅና ነው። ስለ ወንበር ግን ምንም አይልም። ደመወዝሽን አልቀነስንም፣ ማዕረግሽን አልነካንም እየተባለች አንዲት እናት በጆንያ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች፤ ክስ የሚሆን ነገርም የለውም።

ሁለት ገንዘብ ያዥና አንድ ካዝና። ሥራ አስኪያጁ ማንንም ላለማስቀየም ብለው ብልኀት ያሉትን አደረጉ፤ ካዝናው ሁለት ቁልፍ እንዲኖረውና ሁለቱ ሴቶች አብረው እንዲከፍቱት አዘዙ። በባንክ ቤት የተለመደ አሠራር ነውና በራሱ ክፋት የለውም። ኡካ ላይ ግን ያመጣውን ላውጋችሁ። ልጅቷ የምትመጣው ከወንዝ ማዶ ነው፤ ሕፃኗን አጥብታ፣ ለአማቷ ትታ፣ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ። ወንዙ በሞላ ቀን ትዘገያለች። ገበሬው እሸት ቡናውን አስረክቦ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ ገንዘቡን ሊቀበል በር ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ያጉረመርማል። እህቴም በመስኮቱ በኩል ሆና «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ቁልፉ አልመጣም» ትላለች።

«ቁልፉ አልመጣም»! ሰው አልመጣችም እንኳ አላለችም።

ይህን ራሷ ነች የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም አላፈረችም። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን የእኔ መልስ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስለ ሠራተኛ እናቶች ችግር ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ሆኖም የገዛ እህቴ ስትሆን «እውነትሽን ነው፤ የአንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት። እናታችን ከጓዳ ሆና ሰምታን ነበር። «የምታጠባ ልጅ ናት አሉ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ማናችንም አልመለስንላትም።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ማር ስገዛ ከጎኔ የነበረችው ሴት ያቺው በጎን ያየችኝ የማዶ ለቃሚ ሆነች። ሰላምታ ተሰጣጣን፤ ጨዋታ ጀመርን። የነገረችኝ ነገር ቃል በቃል የእህቴ ቅሬታ ነው። «ዋጡን» አለች። «ጽሕፈት ቤቱ የእነርሱ፣ ግቢው የእነርሱ፣ ካዝናው የእነርሱ። እኛ በሰው ቤት የምንሠራ ሆንን።» እህቴና ጓደኞቿ ደግሞ «ሥራ አስኪያጁ የእነርሱ፣ መኪናው የእነርሱ፣ ደንቡ የእነርሱ፤ ዋጡን» ነው የሚሉት። ሁለቱም ወገን ተውጧል፤ የዋጠው ግን የለም። በዚያች ሰዓት ማሩን መመዘኑን ትቼ ብስቅ ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ምክንያቱን ስነግራት እርሷም ሳቀች፣ ግን ያመነችኝ አይመስለኝም።

እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ካለፈው ዓመት የቀራት ክፍያ ነበራት። በእጇ ያለው ደረሰኝ የማዶው ማኅበር ማኅተም ያረፈበት ነው። የኡካዎቹ «ይህ የእነርሱ ነው» ብለው ወደ ማዶዎቹ ላኳት። የማዶዎቹ ደግሞ «መዝገቡን አስረክበናል፤ አሁን የያዙት እነርሱ ናቸው» ብለው መለሷት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ገንዘቡን የከለከላት የለም፤ መዝገቡም ጠፍቶ አይደለም፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። ተነሥቶ የሚያወርደው ሰው ነው የጠፋው። ቀድሞ ቢሆን እህቴ ማንም ሳያዛት ትነሣ ነበር፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። መንፈሱ የተነካ ሠራተኛ አይሰርቅም፣ አያምፅም፤ ከወንበሩ አለመነሣት ብቻ ይጀምራል። በወር መጨረሻ በሚጻፈው ሪፖርት ላይ ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ፈቃዴ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው የወጣቷ ገንዘብ ያዥ እናት ዐረፉ። መርዶው ኡካ የደረሰው በማለዳ ነው። በእህቴ ማኅበር ሠራተኛው ለሐዘን የሚያዋጣበት የራሱ ልማድ ነበረው፤ ማዶዎቹም የራሳቸው ነበራቸው፣ መጠኑም አካሄዱም የተለያየ። ሁለቱ ካዝናዎች ተዋሕደዋል፤ የሐዘኑ መዋጮ ግን የማንም መዝገብ ላይ ስላልነበረ አልተዋሐደም። «የእኛ አባል አይደለችም» ያሉ ነበሩ። «ባንሄድ ማን ይጠይቀናል?» ያሉም ነበሩ። ሚዛን ላይ ያሉት ሽማግሌ ኮፍያቸውን አንሥተው «እኔ እሄዳለሁ፤ የሚመጣ ይምጣ» ብለው ወጡ።

እህቴ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ተከተለቻቸው። እኔም ተከተልኳት።

መንገዱ ልጅቷ በየቀኑ የምትመጣበት መንገድ ነበር። እህቴ ለ14 ዓመታት ከመሥሪያ ቤቷ የምትኖረው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ስለሆነ በዚያ በኩል በእግሯ አልፋ አታውቅም ነበር። ዳገቱ ያዳልጣል። ወንዙን የምንሻገረው በእንጨት ድልድይ ነው፤ አንዱ ግንድ ተነቅሎ ስለነበር ወንዶቹ እየያዙ አሻገሩን። ከድልድዩ ማዶ እህቴ ቆም ብላ ጫማዋን ከጭቃው ስትነቅል «በየቀኑ?» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

ለቅሶ ቤቱ ስንደርስ ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ ነበር። እህቴን ስታይ ልትነሣ ሞከረች፤ እህቴም ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ስለ ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። የኡካዎቹ ሴቶች ወደ ጓዳ ገብተው ከማዶዎቹ ጋር ውኃ ሲቀዱ፣ እንጀራ ሲያቀርቡ ዋሉ። ማንም ማን ምን እንደሚሠራ አልደለደላቸውም። ከተዋሐዱ ወራት አልፏቸዋል፤ አብረው አንድ ሥራ ሲሠሩ ግን ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁም መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያዩትን ነገር ልብ ማለታቸውን እንጃ።

ከሐዘኑ መልስ ልጅቷ ሥራ ስትገባ እህቴ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀርባ፣ ወንዝ በሞላ ቀን ሒሳብ ሹሙ ሁለተኛውን ቁልፍ በፊርማ ተረክቦ እንዲከፍት ጠየቀች። ተፈቀደላት። ቀላል ነገር ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ሊታሰብ የሚችል። ያልታሰበው ሥራውን የሚሠሩትን ሁለቱን ሴቶች የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው። የዚያች ባሏ የሞተባት ገበሬ ክፍያም ተፈጸመ፤ መዝገቡን ከመደርደሪያው ያወረደችው ወጣቷ ናት፣ የፈረመችው እህቴ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሥራ ጓደኞቼ ዘንድ የሰማሁት ስጋት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ የአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ከሰጠ ወዲህ ውሕደት የሚለው ቃል በየባንኩ ኮሪደር ሲነገር ቆይቷል። በእነዚህ ባንኮች መስኮት የሚሠሩ ብዙ እናቶች አሉ። ለእነርሱ ምክር ለመስጠት የሚያበቃ ሙያ የለኝም። እህቴ ግን አንድ ነገር ነግራችኋለች። የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የዕድገት ደብዳቤሽን፣ ያልተጠቀምሽበትን የዓመት ፈቃድ ቁጥርና የጡረታ መለያሽን ቅጂ ቤትሽ አኑሪ ትላለች፤ በርክክብ ወቅት የእርሷ የሦስት ዓመት ፈቃድ ከማኅደሯ ጠፍቶ የተገኘው በእናታችን ሣጥን ውስጥ በነበረው ቅጂ ነው። በግል ድርጅት ያላችሁም ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ በአዲሱ ድርጅት ስም መቀጠሉን ጠይቁ። አለቆች ለሆናችሁ ደግሞ የእኔ ጥያቄ አለ። ከርክክብ ኮሚቴው ጋር አንድ ሰው መድባችሁ ቡናው በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ፣ ለሐዘን ስንት እንደሚዋጣ፣ የምታጠባዋ እናት ከየት እንደምትመጣ ማስጻፍ ምን ያህል ያስወጣችኋል?

ባለፈው ሳምንት እህቴ ስልክ ደወለችልኝ። ሚዛኑ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ዘበኛው አሁንም ጅብ ያያል። ወጣቷ ደግሞ መደመር ትችላለች እንጂ ማኅተም ስትመታ ሁልጊዜ ታጣምማለች፣ ዲፕሎማው ምን አስተማራት እያለች አሽሟጠጠችባት። ሕፃኗ ዝናብ በሆነ ቀን እኛ ቤት ትውላለች፤ እናታችን እያዘለች ታስተኛታለች።

«ጀበናውስ?» አልኳት።

«ጀበናውማ ሁለት ነው» አለችኝ። «የእነርሱ ቡና ይቀጥናል።»